ተማሪዎች ሒሳብን በዓይነ ሕሊናቸው እንዲያዩት ማድረግ፦ የትኛው ሥዕል ይሠራል?

ጠመኔ (ጥያቄ አቅራቢ)፦

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። በአንዲት የወረዳ ከተማ የ8ኛ ክፍል ሒሳብ አስተምራለሁ፤ በአንዱ ክፍሌ ውስጥ 62 ተማሪዎች አሉ። ተማሪዎቼ አንድን ቀመር በተማሩበት ሳምንት አሳምረው ይጽፉታል፤ ከወር በኋላ ግን የክብ ዙሪያ ከክብ ስፋት ጋር ተደባልቆ፣ የሲሊንደሩ ይዘት ወደ ኮኑ ተሻግሮ አገኘዋለሁ። ክልላዊ ፈተናው ሲቃረብ ሁሉንም እንደ አዲስ ይሸመድዱታል፤ ከፈተናው ማግሥት ደግሞ ያው ይጠፋል።

ባለፈው ዓመት ማብቂያ ላይ አንድ ሙከራ አደረግሁ። የመረጥኩት የጥንቱን የግሪክ ባለቅኔ የሲሞኒደስን ዘዴ ነው። ሲሴሮ እንደተረከው፣ የግብዣ አዳራሽ ጣራ ተደርምሶ እንግዶቹን ማንነታቸው እስከማይለይ ድረስ በጨፈለቃቸው ጊዜ ሲሞኒደስ እያንዳንዱን ሟች የለየው የተቀመጠበትን ቦታ በማስታወስ ነበር፤ ነገሮችን በሐሳብ ቦታ ቦታ እያስያዙ የማስታወስ ጥበብም ከዚያ እንደመጣ ይነገራል። እኔም ተማሪዎቼ በየራሳቸው ቤት ውስጥ በሐሳባቸው እየዞሩ ቀመሮችን እንዲያስቀምጡ ነገርኳቸው፦ በደጁ ላይ የክብ ስፋት፣ በመደቡ ላይ የትራፔዚየም ስፋት፣ በማድ ቤቱ ጉልቻ ሥር የኮን ይዘት።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ቀመሮቹን ያለ ስሕተት የሚጽፉት ልጆች ከወትሮው በዝተው አገኘሁ። ደስታዬ ግን አልቆየም። በአንድ ጥያቄ ውስጥ ስለ እህል ማከማቻ ጎተራ ይዘት ጠይቄ ነበርና አንዲት ጎበዝ ተማሪ እጇን አውጥታ “መምህር፣ ጉልቻው ሥር ያለውን ነው ወይስ መደቡ ላይ ያለውን የምንጠቀመው?” አለችኝ። ቀመሩ ቤቷ ውስጥ በትክክል ተቀምጧል፤ ምን እንደሚሠራ ግን አብሮት አልገባም። በዚያ ላይ ሦስት ተማሪዎች “ዓይናችንን ስንጨፍን ጨለማ ብቻ ነው የምናየው” ብለውኛል። ቀልድ መስሎኝ ነበር፤ ደጋግሜ ስጠይቃቸው ግን የምራቸውን ነው።

እንግዲህ የምጠይቃችሁ፣ በዓይነ ሕሊና ማየት ለሒሳብ በእርግጥ የሚረዳ ከሆነ የትኛው ዓይነት ሥዕል ነው የሚረዳው? ለ62 ልጆች ከጠመኔና ከጥቁር ሰሌዳ በቀር ምንም ሳይኖር እንዴት ይሠራበታል? እነዚያን ሦስቱንስ ምን ላድርጋቸው?


የድሮ መምህር፦

ወንድሜ መምህር፣ ቤቱን መጠቀምዎ ጥፋት አይደለም፤ ነገር ግን ቤቱ የቀመሩ ማስቀመጫ እንጂ የቀመሩ ሥዕል አይደለም። ኮኑን ከጉልቻው ሥር አውጥተው አልጋው ላይ ቢያኖሩት በኮኑ ላይ የሚለወጥ ነገር የለም። በማስተማር ባሳለፍኳቸው 31 ዓመታት የያዝኩት መመዘኛ አንድ ነው፦ ሥዕሉ ሲነካ ሒሳቡም አብሮ ይነካል ወይ? የማይነካ ከሆነ ሥዕሉ ለጌጥ የተሰቀለ ነው።

አንድ ምሳሌ ልስጥዎ። የ23 ዳግም ርቢ ስንት ነው ብዬ ስጠይቅ 409 የሚል መልስ በየዓመቱ ይቀርብልኝ ነበር። 20ን በ20፣ 3ን በ3 አባዝተው ሁለቱን ደመሯቸው ማለት ነው። “የመካከለኛውን ረስታችኋል” ብሎ ቀመሩን እንደገና ማስጻፍ ለሳምንት ያህል ይረዳል፣ ከዚያ ወዲያ ግን 409 ተመልሶ ይመጣል። ስለዚህ ጠመኔ ከማንሣቴ በፊት ዓይናቸውን እንዲጨፍኑ አደርጋለሁ። ጎኑ 20 ሜትር የሆነ ካሬ ማሳ አለ፤ ባለቤቱ በምሥራቅ በኩል 3 ሜትር፣ በሰሜን በኩልም 3 ሜትር አሰፋውና ማሳው እንደገና ካሬ ሆነ። የተጨመረው መሬት ምን ይመስላል? የገበሬ ልጆች ቶሎ ይመልሳሉ፦ በምሥራቅ አንድ ረጅም ቁራጭ፣ በሰሜን አንድ ረጅም ቁራጭ፣ በጥጉ ደግሞ አንዲት ትንሽ ካሬ። 400፣ 60፣ 60 እና 9 ተደምረው 529 ይሆናሉ።

አሁንም የሚሳሳቱ አሉ፤ ነገር ግን ስሕተታቸው መልኩን ይቀይራል። ጥጓን የዘነጋ ልጅ 520 ይላል። ከ409 ወደ 520 የተሻገረ ልጅ ምን እንደጎደለው ሲጠየቅ በጣቱ ጠቁሞ ያሳያል፤ 409 ያለው ግን የሚጠቁምበት ቦታ የለውም።

ይህንኑ ማሳ ወደ ኋላ መሄድም ይቻላል፤ በ9ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በባግዳድ ይሠራ የነበረው አልኸዋሪዝሚ ያደረገው እርሱን ነው። አንድ ያልታወቀ ካሬና የጎኑ ዐሥር እጥፍ በአንድነት 39 ከሆኑ ጎኑ ስንት ነው? ዐሥሩን እጥፍ ለሁለት ከፍሎ ወርዳቸው 5 የሆኑ ሁለት ቁራጮች በካሬው ሁለት ጎኖች ላይ ይለጥፋል። ጥጉ ባዶ ይቀራል፤ የባዶው ስፋት 5 በ5፣ ማለትም 25 ነው። በ39 ላይ 25 ሲጨመር 64፣ የትልቁ ካሬ ጎን 8፣ ከዚያም ውስጥ 5 ሲቀነስ የተፈለገው ጎን 3 ይሆናል። ዛሬ “ካሬውን መሙላት” እያልን በፊደላት ብቻ የምናስተምረውና ልጆችን የሚያስጨንቀው ነገር መነሻው ይህ ጎዶሎ ጥግ ነው።

ስለ 62ቱ ተማሪዎች፦ የምከተለው ቅደም ተከተል መጀመሪያ አንድ ደቂቃ ዝምታ፣ ቀጥሎ እያንዳንዱ ያየውን ለጎረቤቱ በቃል መንገር፣ ከዚያ ደብተር ላይ መሣል፣ በመጨረሻ ቀመሩን መጻፍ ነው። በቃል መንገሩን እባክዎ አይዝለሉት። በልጅ ጭንቅላት ውስጥ ያለውን ሥዕል መምህሩ የሚያየው ልጁ አፉን ሲከፍት ብቻ ነው። አንድ ጊዜ አንድ ልጅ 676 ብሎኝ ግራ ገባኝ፤ ሲያስረዳ ግን ማሳውን በአራቱም አቅጣጫ 3 ሜትር እያሰፋ ጎኑን 26 አድርጎት ኖሯል። ሒሳቡ ትክክል ነበር፤ ያየው ማሳ ግን እኔ የነገርኩት አልነበረም።


ኅብር፦

በትምህርት ሥነ ልቦና የድኅረ ምረቃ ተማሪ ስለሆንኩ ከዚያ በኩል የማውቀውን ልጨምር። የድሮ መምህር “ለጌጥ የተሰቀለ” ያሉት ሥዕል በጥናትም የተለየ ነው። ሜሪ ሄጋርቲና ማሪያ ኮዝሄቭኒኮቭ በ1999 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ባሳተሙት ጥናት በደብሊን ያሉ 33 የ6ኛ ክፍል ወንድ ልጆች የሒሳብ ጥያቄዎችን ሲሠሩ ምን በሐሳባቸው እንደሚያዩ ጠየቋቸው። ከጥያቄዎቹ አንዱ በቀላል አነጋገር ይህን ይመስላል፦ ርዝመቱ 15 ሜትር በሆነ ቀጥ ያለ መንገድ በሁለቱ ጫፎች ዛፍ ተተከለ፤ በመካከሉም በየ5 ሜትሩ ሌላ ዛፍ ተተከለ፤ ጠቅላላ ስንት ዛፎች አሉ? አንዳንዱ ልጅ የሚያየው ዛፉን፣ ቅጠሉን፣ የሚተክለውን ሰው ነው፤ ሌላው ደግሞ አንድ መስመርና በላዩ ላይ በእኩል ርቀት የተቀመጡ ነጥቦችን ብቻ ያያል። እንደ ሁለተኛው የነገሮችን ዝምድና በባዶ ንድፍ የሚያዩት በጥያቄዎቹ የተሻለ ውጤት ያገኙ ሲሆን፣ የነገሩን መልክ አሳምሮ ማየት ግን ከዝቅተኛ ውጤት ጋር ነበር የተያያዘው። 15ን ለ5 አካፍሎ 3 ያለ ልጅ ነጥቦቹን ቢያይ ኖሮ መልሱ 4 መሆኑን ባላጣው ነበር።

ይህ ማለት ደማቅ ሥዕል ዋጋ የለውም ማለት አይደለም። ካናዳዊው አላን ፓይቪዮ ከ1970ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ እንዳስረዳው፣ በቃልም በሥዕልም የተያዘ ነገር ሁለት መንገድ ስላለው አንዱ ቢጠፋ በሌላው ይደረስበታል። ለስም፣ ለምልክት፣ ለስምምነት ብቻ ለተወሰነ ደንብ ደማቅ ሥዕል ግሩም ነው። ኖርማ ፕረስሜግ በደቡብ አፍሪካ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ላይ ባደረገችው ጥናት አንዲት ተማሪ በትሪጎኖሜትሪ ማዕዘኑን የምትለካው ምንጊዜም ከአግድሙ መስመር መሆኑን ለማስታወስ “መርከብ በውኃው ወለል ላይ ይሄዳል” የሚል ሥዕል ትጠቀም ነበር። አግድሙ የተመረጠው በስምምነት ስለሆነ እዚህ ላይ መርከቡ በሚገባ ይሠራል። ኮኑ ግን የራሱ ምክንያት አለውና ጉልቻ አይበቃውም።

ፕረስሜግ ያስጠነቀቀችው ሌላ ነገር፣ አንድ ሥዕል ብቻ ያየ ልጅ በዚያው ሥዕል እንደሚታሠር ነው። ይህን እኔም በረዳት መምህርነቴ አይቼዋለሁ። ጎነ ሦስት ሲባል ሁልጊዜ በአግድም ጎኑ ላይ የተቀመጠ፣ ቁመቱም በውስጡ የሚወርድ ብቻ የሚታየው ልጅ አንዱ ማዕዘኑ ከ90 ዲግሪ የሚበልጥ ጎነ ሦስት ሲሰጠው ቁመቱ ከቅርጹ ውጭ መውደቁን እንደ ስሕተት ይቆጥረዋል። ካሬ በጥጉ ሲቆም “ካሬ መሆኑ ቀርቷል” የሚሉም አሉ። መድኃኒቱ ሥዕሉን ማንቀሳቀስ ነው፦ “የጎነ ሦስቱን ራስ ይዛችሁ ከመቀመጫው ጋር ትይዩ በሆነ መስመር ወደ ቀኝ ጎትቱት፤ ስፋቱ ተለወጠ?” ብሎ መጠየቅ።

ስለ ሦስቱ ተማሪዎች አይጨነቁ፣ አይጠራጠሯቸውም። ፍራንሲስ ጋልተን በ1880 ሰዎችን የቁርስ ገበታቸውን በሐሳባቸው እንዲያዩ ጠይቆ አንዳንዶቹ ምንም እንደማያዩ አረጋግጧል፤ አዳም ዜማንና ባልደረቦቹ ደግሞ በ2015 ለዚህ “አፋንታሲያ” የሚል ስም ሰጡት። በሽታ አይደለም፣ የሒሳብ ችሎታንም አይወስንም። ብዙዎቹ መልክን ባያዩም ቦታንና አቅጣጫን በሚገባ ያስባሉ። ስለዚህ “ምን ታያላችሁ?” ከማለት “የቱ በየት በኩል ነው?” ብሎ መጠየቅ፣ ወይም ቀጥታ እስክሪብቶ ማስያዝ ይሻላል።


አበቅቴ፦

ከአብነት ትምህርት ቤት ወደ ዘመናዊው ተሻግሬ ሒሳብ ያጠናሁ ሰው ነኝና፣ ይህ ውይይት ከልጅነቴ አንድ ነገር አስታወሰኝ።

ባሕረ ሐሳብ (የአጽዋማትና የበዓላት ቀን የሚወጣበትን ስሌት) ስንማር ዓመተ ዓለሙን፣ ማለትም ከዓለም ፍጥረት የሚቆጠረውን ዓመት፣ ለ19 ገድፈን (አካፍለን ቀሪውን ብቻ ይዘን)፣ ከቀሪው አንድ ቀንሰን ወንበሩን እናገኛለን። ወንበሩን በ11 አባዝተን ለ30 ስንገድፍ የሚተርፈው አበቅቴ፣ በ19 አባዝተን ለ30 ስንገድፍ የሚተርፈው መጥቅዕ ነው። ለ2018 ዓ.ም. ብናደርገው፣ 5500 ሲደመርበት 7518፣ ለ19 ሲገደፍ ቀሪው 13፣ ወንበሩ 12 ይሆናል። 12 በ11 ሲባዛ 132 ነውና አበቅቴው 12፤ 12 በ19 ሲባዛ 228 ነውና መጥቅዑ 18። የሁለቱ ድምር 30 ነው፤ ሁልጊዜም 30 ነው። ይህን ድምር በቃሌ ይዤ ስንት ዓመት ሳሰላበት ኖርኩ፤ ለምን 30 እንደሚሆን ግን ያየሁት ከብዙ ዘመን በኋላ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ነው።

ያየሁትም እንዲህ ነው። 30 ድንጋዮች በክብ ተደርድረዋል። ከመነሻው ድንጋይ ወደ ፊት 11 መራመድና ወደ ኋላ 19 መራመድ አንድ ድንጋይ ላይ ያደርሳሉ፤ ወደ ፊት 19 መራመድም ወደ ኋላ 11 ከመራመድ ጋር እኩል ነው። ስለዚህ አበቅቴና መጥቅዕ ከአንድ ቦታ ተነሥተው፣ በእኩል እርምጃ፣ በተቃራኒ አቅጣጫ የሚሄዱ ሁለት መንገደኞች ናቸው። አንዱ 12ኛው ድንጋይ ላይ ሲቆም ሌላው ከመነሻው ወደ ኋላ 12 ርቆ፣ ማለትም 18ኛው ላይ ይቆማል። እርምጃው 11 የሆነውም ያለ ምክንያት አይደለም፤ 365 ቀን ያለው የፀሐይ ዓመት 354 ቀን ካለው የጨረቃ ዓመት የሚበልጠው በ11 ነው። ክቡ ስለሚታየኝም አንድ ያልጠበቅሁት ነገር አስተዋልኩ። ወንበሩ 18 ሲሆን አበቅቴው 18 ነው፤ በሚቀጥለው ዓመት 11 ቢራመድ 29 ላይ ይቆም ነበር፤ ወንበሩ ግን ወደ ባዶ ስለሚመለስ አበቅቴው እስከ 30 ይዘልቃል። በ19 ዓመት አንድ ጊዜ እርምጃው 12 ይሆናል ማለት ነው። ስሌቱን በቃል ብቻ በያዝኩበት ዘመን ይህ ዝላይ ከቶ አልታየኝም ነበር።

መምህራኖቼን ለመውቀስ አይደለም። በቃል መያዙ ባይቀድም ኖሮ የምመለከተው ነገር ባልኖረኝም ነበር።


የሶልያና እናት፦

አበቅቴ የጻፉት በእኛም ቤት አለ። የምንኖረው በአሜሪካ ሜሪላንድ ነው፤ ልጄ 9 ዓመቷ ነው። የፈረንጁን ሰዓት ወደ እኛ ሰዓት ስትቀይር “ስድስት ልደምር ወይስ ልቀንስ?” እያለች ትቸገር ነበር። አባቷ “ክቡን ሰዓት አስቢና ቁጥሩን ትተሽ ፊት ለፊቱ ያለውን አንብቢ” አላት። 9 ከሆነ 3፣ 8 ከሆነ 2። መደመርም መቀነስም እዚያው ያደርሳል። የደቂቃውን ዘንግ ጭምር ገልብጣ 9፡15ን 3፡45 ያለችበት አንድ ሳምንት ነበር፤ የሚገለበጠው የሰዓቱ ብቻ መሆኑን ለብቻው ማስረዳት ነበረብን።


ሥሌት፦

ውይይቱን በደስታ ተከታተልኩ፤ ነገር ግን ሥዕል ለሁሉ ነገር ይበቃል ወደሚል እንዳናዘነብል እሰጋለሁ። መሐንዲስ ነኝ፤ በየቀኑ ከምጠቀምበት ሒሳብ ውስጥ ብዙው ምንም ሥዕል የለውም፣ እጄ ለምዶት ብቻ የሚሠራ ነው። 7 በ8 ሲባዛ 56 መሆኑን በሰባት ረድፍና በስምንት ዐምድ እያየ የሚያሰላ ልጅ ክፍልፋይ ላይ ሲደርስ ይደክመዋል፤ የማባዣ ሰንጠረዡ በቃል መያዝ አለበት። ነጌቲቭ በነጌቲቭ ሲባዛ ፖዘቲቭ የሚሆንበትን ነገርስ በምን ሥዕል ታሳዩታላችሁ? ለእኔ 3፣ 2፣ 1፣ 0 እያሉ በነጌቲቭ 2 እያባዙ ወርዶ ውጤቱ በየደረጃው በ2 እየጨመረ መምጣቱን በቁጥር ማሳየት ከማንኛውም ሥዕል ይበልጥ ሐቀኛ ነው።


የድሮ መምህር፦

የማባዣ ሰንጠረዡን በተመለከተ ከእርስዎ ጋር ነኝ። የቁጥር ቅደም ተከተሉም ጥሩ ነው፣ እኔም እጠቀምበታለሁ። ለነጌቲቩ ግን በከተማችን ውኃ በተራ በሚመጣበት ዘመን ሮቶውን አገኘሁት። ከሮቶው በየደቂቃው 2 ሊትር ይቀዳል፤ ይህ ነጌቲቭ 2 ነው። ከአሁን 3 ደቂቃ በፊት፣ ማለትም በነጌቲቭ 3 ደቂቃ፣ በሮቶው ውስጥ የነበረው ውኃ ከአሁኑ በስንት ይለያል? በ6 ሊትር ይበልጣል። ውኃ ሲጠብቅ ያደገ ልጅ ይህን ለመመለስ አይቸገርም። ለሦስት ነጌቲቮች ብዜት ግን ሮቶው አያገለግልም፤ እዚያ ላይ ወደ ደንቡ መመለስ ነው።


ጠመኔ (ጥያቄ አቅራቢ)፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ባለፈው ሰኞ የማሳውን ሥዕል ሞከርኩት። የ23ን ዳግም ርቢ ከመጠየቄ በፊት ዝምታውንም፣ ለጎረቤት መንገሩንም በተባለው ቅደም ተከተል አደረግሁ። ክፍሉ ለአምስት ደቂቃ ያህል ገበያ መሰለ፤ ምክትል ርእሰ መምህሩ በመስኮት ብቅ ብለው አይተውን ሄዱ። ጨለማ ብቻ ነው የምናየው ካሉኝ አንዱ ማሳውን ከወንበሮቹ መካከል በእግሩ ለክቶ፣ ጥጉ ላይ ሲደርስ “ይቺ ቀረች” ብሎ ቆመ። ጥጓን የዘነጉት ግን አሁንም ብዙ ናቸው፤ 520 የሚል ደብተር ሃያ ያህል ቆጥሬያለሁ።

ቤቱንም ጨርሼ አልተውኩትም። የምልክቶችንና የስያሜዎችን ነገር እዚያው ትቼ፣ ምክንያት ያላቸውን ቀመሮች ግን አንድ በአንድ እያወጣሁ ነው። የተቸገርኩት በኮኑ ነው። ከካርቶን ኮንና ሲሊንደር ሠርቼ በአሸዋ ሦስት ጊዜ ስሞላው ልጆቹ ሲሶ መሆኑን አይተዋል፤ ነገር ግን አሸዋው ሦስት መሆኑን ያሳያል እንጂ ለምን ሦስት እንደሆነ አያሳይም። በዓይነ ሕሊና የሚያሳይ ነገር አላችሁ?


አበቅቴ፦

ከኮኑ በፊት በፒራሚድ ይጀምሩ። ርዝመቱ፣ ወርዱና ከፍታው እያንዳንዳቸው 3 ሜትር የሆነ ክፍል ያስቡ፤ ሁለት ግድግዳዎችና ጣራው በሚገናኙበት በአንዱ የላይ ጥግ ትንሽ አምፖል ተሰክቷል። ብርሃኑ የሚያርፈው በወለሉና አምፖሉ በሌለባቸው በሁለቱ ግድግዳዎች ላይ ነው። በክፍሉ ውስጥ ያለው አየር እያንዳንዱ ቅንጣት ከሦስቱ ወደ አንዱ በሚሄድ ብርሃን መንገድ ላይ ይገኛል። ስለዚህ ክፍሉ አምፖሉን ራሳቸው ባደረጉ ሦስት ፒራሚዶች ተከፍሏል፤ ሦስቱም መቀመጫቸው 3 በ3 የሆነ ካሬ፣ ቁመታቸውም 3 ነውና አንዱ ከሌላው አይለይም። የክፍሉ ይዘት 27 ነው፤ የእያንዳንዱ ድርሻ 9 ይሆናል።

ኮኑን ለማግኘት የመቀመጫው ስፋትና ቁመቱ ከፒራሚዱ ጋር እኩል የሆነ ኮን ጎን ለጎን አቁሞ፣ ሁለቱንም እንደ እንጀራ በስሱ በአግድም መቆራረጥ ነው። በእኩል ከፍታ ላይ ያሉት ሁለት ሥሥ ቁራጮች አንዱ ካሬ ሌላው ክብ ይሁኑ እንጂ ስፋታቸው እኩል ነው፤ ከታች እስከ ላይ ተደራርበው የሚሰጡትም ይዘት እኩል ይሆናል። ለልጆቹ ግን መጀመሪያ የመማሪያ ክፍሉን የላይ ጥግ በጣታቸው እያመለከቱ፣ ብርሃኑ የማያርፍባቸው ሦስቱ ገጾች የትኞቹ እንደሆኑ እንዲነግሩዎት ያድርጉ።